ደህና ነኝ ማለት ክልክል ነው

ክሩቤል በአሥራ አንድ ዓመት የመስመር ጠባቂነት ሥራው ዘጠኝ ክንድ ሰብሯል። ዘጠኙንም የሰበረው በደንቡ መሠረት፣ ከክርን በታች፣ አንድ ጊዜ «መስመር!» ብሎ ካስጠነቀቀ በኋላ ነው። የወይራ በር ከተማ ሰው ለዚህ ሲል ቂም አልያዘበትም። ሰርግ ይጠሩታል፣ ለቅሶ ቤት ቦታ ይለቁለታል፤ ክንዳቸውን የሰበራቸው ሰዎች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲያገኙት ቀድመው ሰላም ይሉታል። እሱም ስማቸውን አይረሳም። የተሰበረው አጥንት በብርድ ወራት እንዴት እንደሚያደርጋቸው ይጠይቃል፣ ከልቡም ነው የሚጠይቀው።

አሥረኛው ክንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተጨመረ። አንድ ደልደል ያለ ጎልማሳ እናቱን ደግፎ ወደ ሕክምናው አዳራሽ አምጥቶ ነጩ ክብ ውስጥ አስቀመጣቸውና ከቢጫው መስመር ኋላ ተመልሶ ቆመ። ግድግዳው በራ። ዶክተር ራኬብ ከሩቅ ሆና ግድግዳው ላይ ብቅ አለችና እንደ ሁልጊዜው «እንዴት ነዎት?» አለች። አሮጊቷ ስለ ጉልበታቸው ጀመሩ። ጉልበታቸው ዳገት ሲወጡ፣ ጉልበታቸው ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ጉልበታቸው ሰማዩ ሲጠቁር። ልጃቸው ከመስመሩ ኋላ ሆኖ «እማዬ፣ ስኳርሽን ንገሪያት እንጂ! ዓይንሽን! ከትናንት ጀምሮ አላይም ብለሽ የለም እንዴ!» ይላል። የሱ ድምፅ ግድግዳው ዘንድ አይደርስም። ግድግዳው የሚሰማው ክቡ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ነው፤ የሚያየውም እሱኑ ብቻ ነው። ከክቡ ውጭ ያለው ሁሉ ለሐኪሞቹ ጭጋግ ሆኖ ይታያቸዋል ይባላል።

ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ ጎልማሳው አልቻለም፤ እግሩን አነሣ።

«መስመር!» አለ ክሩቤል።

ሰውየው ሁለተኛውንም እግሩን አነሣ። ቆመጡ ወረደ። ድምፁ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሰውየው የጮኸው ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፎ ሲያየው ነው። እናቱ ዞር ሊሉ ሲሉ ግድግዳው «እባክዎ ወደ እኔ ይመልከቱ፤ ጊዜው የእርስዎ ነው» አላቸው፣ ወደ ጉልበታቸውም ተመለሱ። ሦስት ደቂቃቸውን ጨርሰው፣ የጉልበት ቅባት ተሰጥቷቸው ሲነሡ ቀጥሎ ክቡ ውስጥ የገባው ልጃቸው ነበር። «ምን ሆነው ነው?» ቢባል «ጠባቂው ሰበረኝ» አለ። «አይዞዎት» አለች ዶክተር ራኬብ። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የማሽን እጆች ወርደው አጥንቱን ገጠሙለት፣ ጄሶ አለበሱት። ሲወጣ በጤነኛ እጁ እናቱን ይዞ ክሩቤል አጠገብ ሲደርስ «ደህና ዋል ጋሼ» ብሎት አለፈ። የአሮጊቷን ስኳር ያነሣ ሰው አልነበረም።

ይህ ጭካኔ የሚመስለው ካለ ከክቡ በፊት የነበረውን ዘመን ያላየ ነው። ያኔ ሐኪም የሚታየው በየቤቱ ነበር። ስክሪኑ ይከፈታል፣ ቤተ ዘመዱ ፊቱ ይደረደራል፣ በሽተኛው ከሁሉም ኋላ ተኝቶ የራሱን ሕመም ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል። ሚስት ስትታመም ባል ይናገራል፤ ባል ሲታመም ወንድሙ ይናገራል፤ ሽማግሌ ሲታመም የማይናገር የለም። ክሩቤል ኤልዳና የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው። ዛሬ ኤልዳና የአሮጊት ስም ነው፤ እሷ ግን በሃያ ሁለት ዓመቷ ቀረች። ባሏ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብሎ «ራሷን ትንሽ ያማታል ዶክተር፣ እንቅልፍም እምቢ ብሏታል» ሲል፣ ኤልዳና ከኋላው ግራ ጎኗን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፈተች። ባሏ ዞር ብሎ አያት። አፏን ዘጋች። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ክሩቤል በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ አይቷል። በሦስተኛው ቀን ስትሞት ሆዷ በደም ተነፍቶ የደረሰች እርጉዝ መስላ ነበር። ባሏን ወንድሞቹ ቆላ አውርደው ሸሸጉት።

ክሩቤል ወደ ሠላሳ ዓመት ያንን ሰውዬ በሐሳቡ ሲሰባብረው ኖረ። የክቡ ሕግ ወጥቶ ጠባቂ ሲፈለግ በወይራ በር መጀመሪያ የተመዘገበው እሱ ነው። ቆመጡ በወረደ ቁጥር የሚያየው የዚያን ሰውዬ ክንድ ነው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ከግድግዳው በላይ በትልልቁ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፤ «ደህና ነኝ ማለት ክልክል ነው» ይላል። የተሰቀለው በመጀመሪያው ዓመት በየክቡ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሁሉን አስበው አንድ ነገር ረስተው ነበር። የዚህ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል፣ ቢላዋ ጀርባው ላይ ተሰክቶም ቢሆን፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። የበሽተኛ ቃል ደግሞ አይስተባበልም። በሽተኛው ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው። ግድግዳው «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ደወል ይደወላል፤ መዝገቡ ይዘጋል። የተዘጋ መዝገብ ከሰባት ቀን በፊት አይከፈትም። ሆዱን ጥይት የበሳው አንድ ገበሬ እጁን ቁስሉ ላይ ጭኖ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ብሎ፣ አመስግኖ ወጥቶ በሩ ላይ ወድቋል። ጥያቄው ይለወጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐኪሞቹ የታመመን ሰው ሰላም ሳይሉ መጀመር ነውር ነው ብለው እምቢ አሉ።

ስለዚህ ሰው ይለማመዳል። ወረፋው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚጠብቀው። አስታማሚው በሽተኛው ጆሮ ሥር ሆኖ «እንዴት ነህ ሲሉህ?» ይለዋል። በሽተኛው «ደህና አይደለሁም» ይላል። «በል ድገመው» ይለዋል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ራሱ ብቻ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ሴቶቹ ከልጆቻቸው ይጀምሩና ወደ ራሳቸው ሳይደርሱ ጊዜው ያልቃል። ክሩቤል በወረፋው መሐል እየዞረ ያስጠናቸዋል። በዚህ ሥራው ደግ ነው፣ ታጋሽም ነው።

ያን ቅዳሜ ወረፋው ላይ ወይዘሮ ብሌን ነበሩ። ክሩቤል ከሰበራቸው ስድስተኛዋ ናቸው፤ ከአራት ዓመት በፊት። አጥንታቸው ሲገጥም ጠመም ብሎ ስለ ቀረ በየወሩ ለማስታገሻ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ክቡ ውስጥ የነበረችው ማንጠግቦሽ የምትባል አንድያ ልጃቸው ነበረች። ወይዘሮ ብሌን እየጮኹ መስመሩን አለፉ፣ ክሩቤል ሰበራቸው፣ ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ሞተች። ክሩቤል ለቅሶው ላይ ተገኝቷል፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ በልቷል። ልጅቷ በገዛ አንደበቷ ተናግራለች፣ ማንም አላቋረጣትም፣ ከዚያ ወዲያ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ነው የተቀመጠው።

አራት ሰዓት ገደማ የሽንኩርት መጋዘን ሠራተኞች አንዲት ሴት በወንበር ተሸክመው ገቡ። ሥራ ላይ ሳለች ራሷን ስታ ወድቃ ነው። ክሩቤል ጫማዋን አየና አወቃት፤ ጫማውን የገዛላት እሱ ነው። ትርንጎ ነበረች፣ ልጁ።

ደንቡ ለጠባቂ ከዘመዱ ጋር አንድ ሰላምታ ይፈቅድለታል። ጎንበስ አለ።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ» አለች ትርንጎ። ከንፈሯ እንደ አመድ ነጥቷል።

ክሩቤልንም ደስ አለው። አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ማስታወቂያ ሥር የቆመ ሰው ልጁን አመነ፤ ከልቡ ላይ አንድ ነገር ቀለል አለው። ወዲያው ባሏ ይታገሱ እየተጣደፈ ደረሰ። የመስኖ ተቆጣጣሪ ነው፤ ለሽማግሌ ተነሥቶ ወንበር የሚለቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ትርንጎ አጠገብ ተንበርክኮ ላቧን በመሐረብ እየጠረገ፣ በጆሮዋ ያስጠናት ጀመር። ክሩቤል ከሩቅ ሆኖ የሁለቱን ከንፈር እያየ፣ እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም ሴት ቢሰጥ ኖሮ ክብም መስመርም ባላስፈለገ ነበር ብሎ አሰበ።

ተራዋ ሲደርስ ቆመጡን ለባልደረባው ለአስካለ አስረከበ። አስካለ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ የአያቶችን ዘመን ስም ለልጅ ማውጣት እንደገና ከተለመደ ወዲህ የተወለደች ናት። ክሩቤል ራሱ ነው ያሠለጠናት። ዘመዱ ክቡ ውስጥ የገባበት ጠባቂ እንደማንኛውም አስታማሚ ከመስመሩ ኋላ ይቆማል። ክሩቤል እዚያ ቆሞ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቦታ የሚታየው የበሽተኛው ጀርባ ብቻ መሆኑን አያውቅም ነበር። በቀኙ ይታገሱ ቆሟል፤ በግራው ወይዘሮ ብሌን ቀጣዩን ተራ እየጠበቁ ጠማማ እጃቸውን አቅፈው ቆመዋል።

«እንዴት ነሽ?» አለች ዶክተር ራኬብ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ትርንጎ። ትንፋሽ ሳትወስድ፣ እንደ ተሸመደደ ነገር ነበር የምታወርደው። «ቅድም ትንሽ አዙሮኝ ነው። ትናንት ከደረጃ ወድቄ ራሴን መትቶኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ።»

ክሩቤል ወደ ቀኙ ዞረ። ይታገሱ እጆቹን ፊት ለፊት አጣምሮ፣ የጫማውን ጫፍ ከቢጫው መስመር አንድ ስንዝር አርቆ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው የቆመው። እንዲህ መስመር የሚያከብር ሰው አይቶ አያውቅም። ከንፈሩ ግን ከትርንጎ ከንፈር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። «አሁን ደህና ነኝ» ስትል እሱም ያለ ድምፅ «አሁን ደህና ነኝ» አለ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ግድግዳው፤ ሠላሳ ሰከንዱ መቆጠር ጀመረ።

«ይህን ቃል አውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ብሌን፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ማንጠግቦሽም ይህንኑ ነው ያለችው። ከደረጃ ነው፣ አሁን ደህና ነኝ። አንድ ቃል አልተለወጠም።»

ክሩቤል የትርንጎን ቤት አሰበ። ብሎኬቱን የደረደረው እሱ ራሱ ነው፤ በሁለት ወር ጨርሶ፣ ለሰርጓ ነው ያስረከባት። መሬት ላይ የተቀመጠ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ደጃፉ እንኳ ከግቢው እኩል ነው። ያ ቤት ደረጃ የለውም።

ክቡ ውስጥ ትርንጎ ግራ ጎኗን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ኤልዳናም እንዲሁ ነበር የያዘችው።

እግሩን አነሣ።

«ጋሼ፣ ተመለስ» አለች አስካለ በዝግታ። ሁለተኛውንም ሲያነሣ «መስመር!» ብላ ጮኸች። እሱ መሄዱን አላቆመም። ቆመጡ እንዳስተማራት ወረደ፤ ከክርን በታች፣ ወገብን አዙሮ፣ ሙሉ ክብደትን ጥሎ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ክሩቤል አሥር ጊዜ ከውጭ የሰማው ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ ሌላ መሆኑን አወቀ፤ በጥርሱ ሥር፣ በጆሮው ውስጥ ነው የሚሰማው። ሲወድቅ ግን ወደ ፊት ወደቀ፣ ነጩ ክብ ውስጥ፣ ልጁ እግር ሥር። ትርንጎም ከወንበሩ ተንሸራታ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ክቡ ውስጥ ሁለት ሰው ከተገኘ ግድግዳው የሚደማውን ይይዛል፤ የሌላው መዝገብ ሳይዘጋ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህን ደንብ ክሩቤል በቃሉ ያውቀዋል። የተያዘውን በሽተኛ ደግሞ ሦስት ደቂቃው እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። አስካለ ቆመጧን እንደያዘች ዞራ አሁን እሱን ለመጠበቅ መስመሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እንዴት ነዎት?» አለች ዶክተር ራኬብ።

«ደህና አይደለሁም። ልጄን ባሏ...»

ግድግዳው ጢጥ አለና ድምፁን ቆረጠው። «እባክዎ ስለ ራስዎ ብቻ ይናገሩ። የሌላ ሰው ሕመም አይመዘገብም።»

«ይህች ልጅ ሆዷ ውስጥ እየደማች...»

ጢጥ። «እባክዎ ስለ ራስዎ ብቻ ይናገሩ።»

አርባ ሰከንድ አለፈ። ክሩቤል ከደሙ ውስጥ ቀና ብሎ ልጁን አያት። እሷ የምታየው መስመሩን ነበር፤ ከመስመሩ ኋላ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን።

«ግድግዳው አሁን አንቺን አይሰማም» አላት በሹክሹክታ። «ባልሽም አይሰማሽም። በጆሮዬ ንገሪኝ። ምን አደረገሽ?»

ትርንጎ ዓይኗን ከመስመሩ ነቀለች። ከዚያ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ክሩቤል እስክትጨርስ ጠብቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ባሌ ነው የመታኝ» አለ።

የወረፋው ከንፈር ሁሉ መንቀሳቀሱን አቆመ። ሽበታም፣ ሪዛም፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰውዬ ነው ይህን ያለው።

«ትናንት ራት ላይ ነው» ቀጠለ፣ እሷ በጆሮው እየነገረችው፣ እሱ ከአፏ እየተቀበለ። «አንድ ቃል መለስኩለት። ከወንበር ገፍቶ ጣለኝ። በእግሩ ነው። እዚህ፣ ከግራ ጎድኔ ሥር፣ ሦስት ጊዜ። ተነሥቼ ወደ በሩ ስሄድ በፀጉሬ መለሰኝና ደገመኝ። ጠዋት ሽንቴ ደም ነበር። ሥራ ቅሪ አላለኝም፤ ሰው እንዳይጠይቅ ሂጂ አለኝ።»

«የመጀመሪያው ነው?» አለች ዶክተር ራኬብ።

ክሩቤል ጆሮውን ሰጠ። 

«አይደለም» አለ። «የመጀመሪያው የሰርጋችን ሳምንት ነው።»

ያን ሳምንት እሱ በየቀኑ እዚያ ቤት ነበር። ይታገሱ ራሱ እየቀዳለት፣ ራሱ እያጎረሰው፣ አባቴ እያለው። 

«ታዲያ የሚነግሩት ሰው አልነበረዎትም?»

ትርንጎ አንድ ነገር ሹክ አለችው።

«አባት አለኝ» አለ ክሩቤል። ልጁን አየና ደገመው። «አባት አለኝ። መስመር የሚያልፍ ሰው አይወድም።»

ዶክተር ራኬብ በዚያ ቀን ስንት ሰው እንዳየች አይታወቅም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሽበታሙን ሰውዬ አየችው፣ ከቆዳው የወጣውን አጥንት አየች፣ ቀጥላም የሽበታሙን አንገት ያቀፈውን የአንዲት ሴት እጅ አየች፤ ክቡ ውስጥ ስለሆነ እጁ ጭጋግ አልሆነባትም።

«የበሽተኛ ቃል አይስተባበልም» አለች ቀስ ብላ። «ክንድዎ ይቆያል። ሆድዎን ልይ።»

የጣሪያው እጅ ወረደ። ክሩቤል በጤነኛ ክንዱ ልጁን ወደ ደረቱ ሳብ አደረጋትና ግራ ጎኗን ከጣሪያው እጅ ሥር አስገባ። ሕመሙ ዓይኑን አጨለመው፤ አልለቀቃትም። ግድግዳው ላይ የሆዷ ምስል መጣ። ጥቁር ነበር፣ ግማሽ በግማሽ።

«ጣፊያዎ ተቀዷል» አለች ዶክተር ራኬብ። አሁን በፍጥነት ነበር የምትናገረው። «ደሙ ብዙ ነው። አንድ ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ አይደርሱም ነበር። በራሪ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ያርፋል።» ከዚያ ደንቡ የሚያዝዘውን የመዝጊያ ጥያቄ ጠየቀች። «አሁንስ እንዴት ነዎት?»

ክሩቤል አፉን ዘጋ። ሦስት ደቂቃው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ቀርቶታል፤ እሱ ዝም ሲል ግድግዳው ተንጠልጥሎ የቆየውን መዝገብ ፈልጎ ከፈተ።

«አሁን አንቺ» አላት።

ትርንጎ ራሷን ቀና አደረገች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም። ሁለተኛ ሞከረች።

«ደህና አይደለሁም» አለች። አዳራሹ ሁሉ ሰማት። «ይታገሱ ነው የመታኝ። ደህና አይደለሁም።»

ያኔ ይታገሱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩን አለፈ። እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ «ዶክተር፣ አእምሮዋ ተነክቷል፣ ከደረጃ ወድቃ ነው» እያለ ሄደ። ማንም አልሰማውም። «መስመር!» አለች አስካለ። የመጀመሪያው ምት በደንቡ መሠረት ከክርን በታች አረፈ። ሁለተኛው በሌላኛው ክንድ ላይ ነው፤ እሱ ደንቡ ውስጥ የለም። ሦስተኛው መንጋጋው ላይ አረፈ። አራተኛ ልትጨምር ስትል የሽንኩርት መጋዘን ሴቶች ቀደሟት። ከሥራ ጫማቸው ሥር ይታገሱ ለጥቂት ጊዜ አልታየም፤ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። ክሩቤል መሬት ላይ ተጋድሞ ይህን ሲያይ ዘመኑን ሁሉ የጠበቀው ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። የልጁ እጅ አንገቱ ላይ እየቀዘቀዘ ነበር፤ ያንን እጅ ብቻ ነበር የሚያስበው።

አምቡላንሱ ትርንጎን ይዞ ከተነሣ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ደንቡ የቆሰለ ሰው ወረፋ እንዳይጠብቅ ያዝዛል። ሴቶቹ ይታገሱን ጎትተው ክቡ ውስጥ ወረወሩት። ሁለት ክንዱ ተሰብሯል፣ ጥርሱ ረግፏል፣ ፊቱ እንደ ዳቦ አብጧል። ከኋላው ከተማው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ ወንበር የሚለቅላቸው ሽማግሌዎች፣ የመስኖ ሠራተኞቹ፣ አለቃው።

«እንዴት ነዎት?» አለች ዶክተር ራኬብ።

ይታገሱ ፊቱን በትከሻው ጠረገ። «ደህና ነኝ» አለ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሠላሳ ሰከንድ ተቆጠረ። እግሩን ያነሣ የለም። ደወሉ ተደወለ፣ በሰባት ቀን ይመለሱ ተባለ፣ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ተቀበሉት።

የጣሪያው እጆች የክሩቤልን አጥንት ገጥመው ጄሶ ካለበሱት በኋላ አስካለ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ይቅር በለኝ ጋሼ» አለችው። «ደህና አድርገሽ ነው የመታሽኝ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አላት። ቆመጡን ስትመልስለት አልተቀበላትም፤ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ መልእክት መጣ። ትርንጎ ከቀዶ ጥገና ወጥታለች፣ ጣፊያዋ ወጥቷል፣ በሕይወት አለች። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ክሩቤል መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበውና አለቀሰ። ቀና ሲል ወይዘሮ ብሌን ነበሩ ፊቱ የቆሙት፤ ተራቸው አልፏቸው ነው እስካሁን የቆዩት።

«እንዴት ነህ ክሩቤል?» አሉት።

አፉ የለመደውን ሊል ተከፈተና ቆመ።

«ደህና አይደለሁም» አለ። ዓይኑ ጠማማው እጃቸው ላይ ነበር። «የዚያን ቀን፣ እኔ ሳልመታዎት በፊት፣ ለዶክተሯ ምን ሊነግሯት ነበር?»

ወይዘሮ ብሌን አጠገቡ ተቀመጡ። በጠማማው እጃቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ማንጠግቦሽ» ብለው ጀመሩ። ክሩቤል እስኪጨርሱ ድረስ አላቋረጣቸውም።